ከመቅደላ እስከ ኮልፋክስ፦ የጎዳና ድመትን ያለ መርዝ የመቀነስ አጭር ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ለማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል «አንድ የታሪክ ጽሑፍ አዘጋጅልን» ሲለኝ ስለ አድዋ ወይም ስለ ላሊበላ እጽፋለሁ ብሎ እንደጠበቀ አውቃለሁ። ስለ ድመት እንደምጽፍ በነገርኳቸው ጊዜ አንደኛው ወንድማችን ከት ብሎ ሣቀ። ሌላው ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «የዛሬ ሦስት ዓመቱን ነገር ልታነሣብን ነው?» አለኝ። አዎን፤ እሱኑ ላነሣ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እዚህ ፓርክ ሂል፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ገባ ብሎ፣ ከእናቶቻችን አንዳንዶቹ የሚኖሩበት የኪራይ ሕንፃ አለ። ከሕንፃው ጀርባ ባለው የጓሮ መንገድ ድመቶች ተሰብስበው ነበር። አንዲት እናታችን (ስማቸው እንዳይጠቀስ ለምነውኛል) ማታ ማታ ከእራታቸው ከፍለው ያበሉአቸዋል። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፤ ከዚያ አምስት ሆኑ፤ በሦስተኛው ጸደይ አሥራ አንድ ደረሱ። ወንዶቹ ሌሊት ሲጣሉ የሚያሰሙት ጩኸት ሕፃን ያለቅሳል ያሰኛል። ጎረቤት ተማረረ፤ የሕንፃው ባለቤት ደብዳቤ ጻፈ። ድመቶቹ ካልጠፉ የእናታችን የኪራይ ውል አይታደስም የሚል ነበር። ጉዳዩ ወደ ማኅበሩ ስብሰባ መጣ። ብዙ ከተወራ በኋላ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር፣ «መርዝ ጣል ማድረግ ነው እንጂ ለድመት ደግሞ ምን ስብሰባ ያስፈልገዋል?» አለ። ጥቂቶች ሣቁ። እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉና ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ለሁለት ወር ወደ ማኅበሩ ዝር አላሉም።

እኔ ያን ምሽት አንድ ጥያቄ ይዤ ወደ ታክሲዬ ገባሁ። የሰው ልጅ ቁጥሩ የበዛበትን እንስሳ ለመቀነስ ከመርዝና ከዱላ ሌላ ምን ዘዴ አውቋል? ማን ጀመረው? የትስ ሠራ? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ታሪክ ጀምሬ አልጨረስኩትም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፎ ተሳፋሪ መጠበቅ ግን ለማንበብ ሰፊ ጊዜ ይሰጣል። ከዚህ በታች የምታነቡት የዚያ ንባብ ውጤት ነው። ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ከስማችን ጋር የተያያዘችውን ድመት ላንሣ፤ አሜሪካውያን ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ እርሷ ነውና። «አቢሲኒያን» የሚባል፣ ፀጉሩ አጭር፣ መልኩ እንደ ጥንቸል ቡናማ የሆነ የድመት ዘር አለ። ታሪኩ ከመቅደላ ይጀምራል ይባላል። የጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ ወደብ በኩል ገብቶ በሚያዝያ 1868፣ በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፣ መቅደላን ከያዘና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ የተጫነ ንብረታችንን ይዞ ወረደ። ከጦሩ ጋር አንዲት ድመትም ወደ እንግሊዝ እንደሄደች ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጸሐፊ በ1874 ባሳተመው የድመቶች መጽሐፍ ውስጥ ይናገራል። ስሟም በወደቡ ስም «ዙላ» ነበር። ታቦቱና ብራናው አልበቃ ብሎ ድመትም ተወሰደች ብዬ ነገሩን ለጥቂት ዓመታት ለተሳፋሪዎቼ በቁጭት ሳወራ ኖርኩ። ኋላ ግን ሳነብ፣ የዘር ጥናት ያደረጉ ሰዎች የዛሬዎቹን የአቢሲኒያን ድመቶች ሥረ መሠረት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ማዶ፣ ወደ ሕንድና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ እንደሚያዘነብሉት ተረዳሁ። ድመቷን በቅሚያ መዝገብ ላይ ባንጽፋት ይሻላል።

በአገራችን ድመት የቅንጦት እንስሳ ሆና አታውቅም። ሥራ ነበራት። ጎተራ ያለው ሁሉ አይጥ አለበት፤ አይጥ ያለበት ሁሉ ድመት ይፈልጋል። በዓለም ላይ ያሉት የቤት ድመቶች በሙሉ ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደ መጡ በ2007 ይፋ የሆነ ጥናት አሳይቷል፤ ከሰው ጋር ያዛመዳትም የጎተራ እህል ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ስለዚህ የእኛ አያቶች ከድመት ጋር የነበራቸው ውል ከጥንቱ ውል ብዙም አልራቀም፤ አይጥ ትይዣለሽ፣ ምድጃ ዳር ትተኛለሽ። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ለድመት የተለየ ክብር አላቸው። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የታወቁበት «አቡ ሁረይራ» የሚለው ስም የግልገል ድመት አባት ማለት ነው።

ማኮላሸትስ? በዚያ ስብሰባ ላይ «ፍጥረትን ማምከን ኃጢአት ነው» ያሉ አባት ነበሩ። አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ እኚሁ አባት በፋሲካ የሚመርጡትን በግ አውቀዋለሁ። ሙክት ነው። ሙክት ማለት ደግሞ ተኮላሽቶ የሰባ በግ ወይም ፍየል ነው። ሰንጋውም እንደዚሁ። የሚያርሰውም በሬ ይቀጠቀጣል። ያገሬ ገበሬ እንስሳ ማምከንን ከአሜሪካኖች አልተማረም፤ ድሮ በድንጋይና በዱላ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ሲያደርገው ኖሯል። እኛ ዘንድ ያልነበረው የሴቷን ማምከን ነው። እሱ ሆድ ከፍቶ የእንቁላል ማመንጫዋንና ማኅፀኗን ማውጣት ስለሚጠይቅ ማደንዘዣና ንጹሕ ቀዶ ጥገና እስኪመጣ ድረስ የትም አገር በድመት ላይ ሊለመድ አይችልም ነበር። ሴቷ ካልመከነች ደግሞ የወንዱ መኮላሸት ቁጥር አይቀንስም። አሥር ወንድ ተኮላሽቶ አንድ ቢቀር ያ አንዱ ለመንደሩ ይበቃል።

ባህላችን ይህን ስላላወቀ የተረፈው መንገድ መርዝ ሆነ። የመርዙ ታሪክ ግን ከድመት ይልቅ የውሻ ታሪክ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ በወረርሽኝ መልክ መግባቱ የተመዘገበው በ1884 ሲሆን፣ ትግራይን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ወሎን እንዳዳረሰ ተጽፏል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በነሐሴ 1903 ከባድ ወረርሽኝ ተነሥቷል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ በሽታና ስለ ባህላዊ መድኃኒቶቹ በ1970 ጽፈዋል። ከእኛ መካከል ዕድሜው የገፋ ሰው ከሆነ እምብርት ዙሪያ ይወጋ የነበረውን መርፌ ያስታውሳል። ያ ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ «ፈርሚ» የሚባል ዓይነት ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ ለበርካታ አሥርተ ዓመታት ተመርቷል። ባለሙያዎች በሽታው ዛሬም በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 2700 የሚጠጋ ሰው ይገድላል ብለው ይገምታሉ። ስለዚህ ሌሊት ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ በየመንገዱ የሚያስጥለውን የከተማ አስተዳደር ጨካኝ ብቻ ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር።

ዘዴው ግን አልሠራም። ስትሪክኒን የበላ እንስሳ አእምሮውን ሳይስት በመንዘፍዘፍ ይሞታል። ሥጋውን የሚያነሣው ውሻ ብቻም አይደለም፤ ድመቱም፣ ጅቡም፣ አሞራውም ይቀምሰዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውጤቱ ነው። ምግቡ፣ ቆሻሻ መጣያውና መጠለያው እንዳለ ስለሚቀር የሞቱትን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጡ ይይዙታል። የቀሩትም በተትረፈረፈው ምግብ ይራባሉ። የተከተበው ውሻ ካልተከተበው ጋር አብሮ ስለሚሞት ሰፈሩ የነበረውንም መከላከያ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፍ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ጋር በ1990 ባወጣው መመሪያ መግደል ብቻውን የውሻን ቁጥር እንደማይቀንስ፣ ክትባት፣ ማምከንና ቆሻሻን መቆጣጠር አብረው መሄድ እንዳለባቸው አስታውቋል። ሕንድም በ2001 ይህንኑ በሕግ ደነገገች፤ የጎዳና ውሻ ተይዞ፣ መክኖና ተከትቦ ወደ ነበረበት ይመለስ አለች።

በራሳችን አገር ለዚህ ትልቁ ምስክር ባሌ ነው። ከቤት ውሾች የተጋባው ይኸው በሽታ በ1991 እና በ1992 በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ፈጀ። በ2003 ተመልሶ ገብቶ በወብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ጨረሰ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ የቀሩትም በጠቅላላው ከ500 ገደማ አይበልጡም። ከ1995 ጀምሮ ለቀበሮው ጥበቃ የሚሠሩት ሰዎች የመረጡት መንገድ የገበሬውን ውሻ መግደል ሳይሆን መከተብ ነው። ገበሬው ውሻው ከተገደለበት ሌላ ያመጣል፤ ከተከተበለት ግን ራሱ እየጎተተ ያመጣላቸዋል።

ወደ አሜሪካ እንምጣ። ይህች አገር ድመትን ሶፋ ላይ ስታንፈላስስ የኖረች ይመስለን ይሆናል፤ አይደለም። በ1947 ኤድ ሎው የተባለ የሚቺጋን ሰው የሸክላ አፈር ፍርፋሪ ለድመት መጸዳጃ ብሎ በከረጢት መሸጥ እስኪጀምር ድረስ የአሜሪካም ድመት ቀኑን ውጭ ነበር የምትውለው። የሚበዙትም ተይዘው በመጠለያዎች ይገደሉ ነበር። በ1970ዎቹ በመላ አገሪቱ በየመጠለያው የሚገደለው ውሻና ድመት በዓመት ከ12 እስከ 20 ሚሊዮን ይገመት ነበር። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዷል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሆነው ነገር በአብዛኛው ማምከን ነው። ሎስ አንጀለስ በ1971 በዝቅተኛ ዋጋ የሚያመክን የከተማ ክሊኒክ ከፈተች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት።

የእኛዋ ዴንቨር በዚህ ረገድ አንጋፋ ናት። በ1910 ዣን ጋወር የተባሉ ሴት የእንስሳት ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የዱዳ ወዳጆች ማኅበር» ነው። ብዙዎቻችን ኩቤክ ጎዳና ላይ ወደ ደቡብ ስንነዳ ሰሌዳውን አይተን «የደደብ ወዳጆች» ማለት መስሎን ሥቀናል፤ እኔ ራሴ አንዱ ነኝ። ቃሉ የድሮ እንግሊዝኛ ሆኖ አፍ የሌላቸው፣ በደላቸውን መናገር የማይችሉ ማለቱ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው መሳቂያ የሆነው ስም በ2025 ተቀይሮ ማኅበሩ «ሂዩሜን ኮሎራዶ» ተብሏል። እውነቱን ለመናገር የድሮው ስም ይሻለኝ ነበር። የዴንቨር ከተማ ሕግም ከስድስት ወር በላይ የሆነ ውሻና ድመት ልዩ ፈቃድ ካልተያዘለት በቀር እንዲመክን ያዝዛል። ሕጉ የሚያዝዘው ግን ባለቤትን ነው፤ የጓሮ መንገድ ድመት ደግሞ ባለቤት የላትም።

ባለቤት ለሌላት ድመት መፍትሔው የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ሩት ፕላንት የተባሉ ሴት ገና በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የጎዳና ድመቶችን እያጠመዱ፣ እያስመከኑ ወደ ቦታቸው መመለስ ጀመሩ፤ በ1977 ለዚሁ ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ታዋቂዋ የልብስ ማሳያ ሞዴል ሲሊያ ሃመንድም ሥራዋን ትታ ወጥመድ ተሸክማ የለንደንን ፋብሪካዎች ጓሮ ትዞር ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ይህን አሠራር ያስፋፋው ድርጅት የተወለደበትን ቦታ ሳነብ ግን ክው አልኩ። አዳምስ ሞርጋን! ዋሽንግተን ዲሲ የኖራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በ1980ዎቹ ስደተኛው ወገናችን የመጀመሪያዎቹን እንጀራ ቤቶች በ18ኛው ጎዳና ላይ የከፈተበት፣ ሐበሻ ከሐበሻ የሚገናኝበት ሰፈር ነበር። በ1990 ቤኪ ሮቢንሰንና ሉዊዝ ሆልተን የተባሉ ሁለት ሴቶች በዚያው ሰፈር አንድ የጓሮ መንገድ ላይ ከሃምሳ በላይ ጥቁርና ነጭ ድመቶች አገኙ። እንደ ልማዱ ለመጠለያ ከመስጠትና ከማስገደል ይልቅ አንድ በአንድ አጥምደው አስመከኑ፤ የለመዱትን ለሰው ሰጡ፣ ዱር የሆኑትን መልሰው እየመገቡ ጠበቁ። ከዚያ ሥራ «አሊ ካት አላይስ» የተባለው አገር አቀፍ ድርጅት ተነሣ። መንጋው ሳይተካ ዓመት በዓመት እየሳሳ ሄዶ አለቀ። እነዚያን ድመቶች ያኔ ከነበሩት ሬስቶራንቶቻችን ቅሪት ማን ያበላቸው እንደነበር የጻፈ የለም። እኔ ግን ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት በዓይነ ኅሊናዬ ይታዩኛል፤ ይህ የእኔ ግምት እንጂ ታሪክ አይደለም።

ዘዴው በጥናት የተፈተነባቸው ቦታዎችም አሉ። በማሳቹሴትስ ኒውበሪፖርት በምትባል የወደብ ከተማ በ1992 በባሕሩ ዳር ወደ 300 የሚጠጉ ድመቶች ነበሩ። በጎ ፈቃደኞች የማምከኑን ሥራ ጀመሩ። የመጨረሻው ድመት በ2009 ሞተ፤ አሥራ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። በፍሎሪዳ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ደግሞ በአሥራ አንድ ዓመት 155 ድመቶች ተመዘገቡ፤ ግማሽ ያህሉ ቤት ተገኘላቸው፤ በ1996 በግቢው የነበሩት 68 በ2002 ወደ 23 ወረዱ። ሁለቱም ቦታ ላይ ትዕግሥትና የማይሰለች ሰው ነበረ። ሌሎች ቦታዎች ግን ግማሹን አስመክነው ግማሹን ትተው አልሆነላቸውም። በ2005 የታተመ ስሌት ቁጥሩ እንዲቀንስ ከመንጋው ከመቶ ሰባ በላይ መምከን እንዳለበት ያሳያል። ይህን ነገር ጀምሮ መተው ገንዘብ መጣል ነው።

ተቃዋሚም አለው፤ ተቃውሞውም የዋዛ አይደለም። በ2013 የታተመ ጥናት ድመቶች በአሜሪካ በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፎችን ይገድላሉ ይላል፤ አብዛኛውን የሚገድሉት ባለቤት የሌላቸው ናቸው። የመከነች ድመት ትወልድ ዘንድ አይሆንላትም እንጂ ወፍ መያዟን አትተውም። በሽታም አለ። በአሜሪካ ከቤት እንስሳት መካከል የእብድ ውሻ በሽታ የሚገኝባት ከውሻ ይልቅ ድመት ናት። በእኛው ደጃፍ፣ ከኮሎራዶ ቡለቫርድ ማዶ ባለው ሲቲ ፓርክ፣ በ2007 ሽኮኮዎች በቸነፈር ሞተው ተገኝተዋል፤ በዚያው ዓመት በእንስሳት ፓርኩ ውስጥ አንዲት ጦጣ በዚሁ በሽታ ሞታለች። ድመት ደግሞ በዚህ በሽታ በቀላሉ የምትያዝ ናት። የወፍ ወዳጆች ድመቶቹ ተይዘው ከነጭራሹ ይነሡ ሲሉ ምክንያት የላቸውም ማለት አልችልም። እኔን ያሳመነኝ ግን «የት ይሂዱ?» ለሚለው ጥያቄ ከመግደል ሌላ መልስ አለማየቴ ነው። ሰው የማትቀርብን ድመት ማንም ቤቱ አያስገባትም።

ከደጋፊዎቹ ወገን ደግሞ የተጋነነ ነገር አይጠፋም። አንድ ጥንድ ድመት በሰባት ዓመት 420 ሺህ ይሆናል የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል። ሐሰት ነው። ድመት ከሁለት ወር በጥቂት ቀን በሚበልጥ ጊዜ አርግዛ አራት ያህል ግልገል ትወልዳለች፤ ገና በአምስት ወሯም ልታረግዝ ትችላለች፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በሰሜን ካሮላይና የጎዳና ድመቶችን ተከታትሎ በ2004 የታተመ ጥናት ከግልገሎቹ ከመቶ ሰባ አምስቱ ስድስት ወር ሳይሞላቸው እንደሞቱ ወይም እንደጠፉ ይናገራል። እናታችንን ያስለቅሳቸው የነበረውም ይኸው ነው፤ ጸደይ በመጣ ቁጥር ግልገል ይቆጥራሉ፣ መኸር ሳይገባ ያንኑ መልሰው ይቀንሳሉ።

አሁን ወደ ጓሯችን ልመለስ። እነዚህን ወረቀቶች ይዤ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። ከማኅበሩ ሣጥን አንድም ዶላር አልጠየቅኩም፤ ከእኛ ከአሽከርካሪዎች መካከል ስድስታችን ተዋጣን። ለጎዳና ድመቶች ዋጋ የሚቀንስ ክሊኒክ አገኘን። እዚያው ሁለት ወጥመድ አበደሩን፤ ወጥመዱ ረዘም ያለ የሽቦ ሣጥን ሲሆን ድመቷ ውስጡ ያለውን ብረት ስትረግጥ በሩ ይዘጋባታል።

ሥራው ከትምህርቱ ይከብዳል። መጀመሪያ ምግብ በሰዓት መስጠት ለመድን፤ ከዚያ ባንዱ ቀን ከለከልናቸውና ማታውን ወጥመዱ ውስጥ ሰርዲን አስገባን። እናታችን «የዶሮ ወጥ ብናገባ ነው እንጂ ለዓሣማ አይመጡም» ብለው ነበር። የክሊኒኩ ሐኪም ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፤ ደሟን ያፈርሳል። እናታችን ሦስት ዓመት ሙሉ ወጥ ሲያበሉ ኖረዋል! ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ቅሪታችሁን ከመጣላችሁ በፊት አስቡበት። ድመቷ ስትያዝ ትንፈራገጣለች፤ ወዲያው ወፍራም ጨርቅ ሲጣልባት ጨለማ ይሆንላትና ዝም ትላለች። የመጀመሪያዋ ላይ የጣልነው የእናታችንን ጋቢ ነው። ከዚያ በጠዋት ወደ ክሊኒክ። ታክሲዬ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ስትጮህ የነበረችውን ያቺን ድመት ያህል ያስቸገረኝ ተሳፋሪ የለም።

ክሊኒኩ ማደንዘዣ ሰጥቶ ያመክናቸዋል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋቸዋል፣ ደንዝዘው ሳሉም የግራ ጆሯቸውን ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆርጣል። የመከነችው ድመት ዳግም እንዳትያዝ ከሩቅ የምትለየው በዚህ ነው። «ኧረ ጆሮዋን!» ብለው የጮኹ ነበሩ፤ የገጠር ልጅ የሆኑት ግን በግ በጆሮ ምልክት እንደሚለይ ያውቃሉና ቶሎ ገባቸው። አንድ ሌሊት ካደሩ በኋላ በተያዙበት ቦታ ይለቀቃሉ። ወንዶቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠባቸውንና ጩኸታቸውን ተዉ፤ ያ የሽንታቸው ክርፋትም ጠፋ። የሕንፃው ባለቤት ሁለተኛ ደብዳቤ አልጻፈም፤ ውሉም ታደሰ።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልችልም። ከሴቶቹ አንዷ እርጉዝ ሆና ተያዘች። ሐኪሟ፣ «አሁን ካመከንኳት ግልገሎቹ አይተርፉም፤ ውሳኔው የእናንተ ነው» አለች። ብዙ ክሊኒኮች በእንዲህ ያለ ጊዜ ሳይጠይቁ ያመክናሉ፤ ምክንያታቸውም የድመቱ ብዛት ነው። እኔ ያነበብኩትን ሁሉ አስቤ «ይሁን» ልል አፌን ስከፍት፣ እናታችን አጠገቤ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። «ልጄ፣ እኔ እዚህ አገር የመጣሁት እርጉዝ ሆኜ ሱዳን ከሰነበትኩ በኋላ ነው» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ድመቷን ይዘናት ተመለስን። መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ አራት ወለደች። ሰው እንዲለምዱ በሁለት ወር ውስጥ በእጅ መያዝ ስለነበረባቸው የሕንፃው ልጆች በተራ ያዟቸው። አራቱም ከመከኑ በኋላ ለማኅበራችን ቤተሰቦች ተሰጡ፤ እናቲቱም በመጨረሻ መከነች። በስሌት ካየነው ስሕተት ነበር ይሆናል፤ አራት ቤት ለሌሎች አራት የመጠለያ ድመቶች ይሆን ነበርና። እስካሁን ለራሴ መልስ አላገኘሁለትም።

አሥራ አንደኛዋን ለመያዝ አራት ወር ፈጀብን። ሌሎቹ ሲያዙ አይታለችና ሰርዲኑን ከደጅ ሆና ትመለከታለች እንጂ አትገባም። ኋላ ክሊኒኩ በገመድ የሚሳብ ሌላ ዓይነት ወጥመድ ሰጠን፤ ሰው ርቆ ይጠብቅና ከሥሩ ስትገባ ይለቅበታል። ጠባቂው መርዝ ይጣል ያለው ወንድማችን ነበር። በብርድ ሦስት ሌሊት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ገመዷን ይዞ አደረ። እናታችን ሻይ በቴርሞስ ሲያወርዱለት አየሁ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

አሥራ አንዱ ዛሬ የት እንደደረሱ ለመዝገብ ያህል ልጻፍ። ሦስቱ ቀድሞ የሰው ድመቶች ሆነው የተጣሉ ነበሩና ቤት ተገኘላቸው። አንዱን መኪና ገጨው። አንዲት አሮጊት በክረምት ሞተች። ሁለቱ ደብዛቸው ጠፋ፤ ሌሊት ከጎልፍ ሜዳው በኩል የሚመጣውን ካዮቴ እጠረጥራለሁ። የቀሩት አራት ናቸው፤ ማታ ማታ እናታችን «ውሮ፣ ውሮ!» ሲሉ ከአጥሩ ሥር ይወጣሉ፤ የአራቱም ግራ ጆሮ ጫፉ ተቆርጧል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ግራጫ አምስተኛ ሆና መጥታ አየኋት፤ ሁለቱም ጆሮዎቿ ሙሉ ናቸው። ወጥመዱን ተበድሬ ፖርታ ባጋሊዬ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ሰርዲኑን እናታችን ገዝተዋል፤ ለማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዘናል።